የቃኘውን ስሞች መነሻ አድርጎ የሴኡልን የጦርነት መታሰቢያ ሙዚየም መጎብኘት፤ ዝርዝር መመሪያ

በሴኡል ከተማ፣ ዮንግሳን በተባለው ክፍለ ከተማ፣ ቀድሞ የደቡብ ኮሪያ ምድር ጦር ጠቅላይ መምሪያ በነበረበት ቦታ ላይ የተሠራው የጦርነት መታሰቢያ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1994 ለሕዝብ ተከፈተ። ለትምህርት፣ ለሥልጠና ወይም ለንግድ ወደ ኮሪያ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቅዳሜ ወይም እሑድ ይመድብለታል፤ ገብቶም በታንክና በአውሮፕላን መካከል ሲዘዋወር ይውልና ፎቶ ተነሥቶ ይወጣል። «የእኛዎቹ ስም የት ነበር?» የሚለው ጥያቄ የሚነሣበት ባቡር ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ይህ መመሪያ ጥያቄው በሩን ከማለፍ በፊት እንዲነሣ፣ ጉብኝቱም በዚያው ዙሪያ እንዲደራጅ ታስቦ የተጻፈ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ኢትዮጵያ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትእዛዝ ከክብር ዘበኛ የተውጣጣና በራስ መኮንን የፈረስ ስም «ቃኘው» ተብሎ የተሰየመ ሻለቃ ጦር ወደ ኮሪያ ልካለች። ከአፍሪካ እግረኛ ጦር ያዘመተች እርሷ ብቻ ነበረች፤ ደቡብ አፍሪካ የላከችው የአየር ኃይል ምድብ ነው። የተሰዉትን 121 የሚሉም 122 የሚሉም አሉ፤ የቆሰሉት ደግሞ 536 ናቸው። የተሰዉት ሰዎች ስም በሙዚየሙ ግቢ በድንጋይ ላይ ተቀርጿል። ሙዚየሙ እጅግ ሰፊ በመሆኑ ሁሉን ለማየት የተነሣ ሰው ከእግር ሕመም በቀር ብዙ ይዞ አይወጣም፤ ስለዚህ ስሞቹን መነሻ አድርጎ፣ የቀረውን በእነርሱ ዙሪያ እየመረጡ ማየት ይሻላል የሚል እምነት አለኝ።

ሳይሄዱ በቤት የሚሠራ ሥራ

ከቤተሰብ መካከል የዘመተ ሰው ያለው ጎብኚ በቅድሚያ ሦስት ነገር ማጣራት ይኖርበታል፤ የዘማቹን ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የዘመተበትን ዙር፣ እንዲሁም ተሰውቶ እንደሆነ ወይስ ተመልሶ እንደሆነ። የመጨረሻው ነጥብ ቀላል ቢመስልም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። በድንጋዩ ላይ የተቀረጸው የሞቱት ሰዎች ስም ብቻ ነው፤ በሰላም ተመልሶ አገሩ ላይ ያረፈ አያት ስሙ እዚያ አይገኝም፤ ባለመገኘቱም የዘመተ አልነበረም ማለት አይደለም።

ዙሩን ለማወቅ ዓመተ ምሕረት በቂ ነው። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በሌተና ኮሎኔል ተሾመ ይርጌቱ መሪነት በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ከጅቡቲ በመርከብ ተሳፍሮ፣ በዚያው ወር መጨረሻ ቡሳን ወደብ ደረሰ። ሁለተኛው በ1944 ዓ.ም.፣ ሦስተኛው በ1945 ዓ.ም. ተተክተዋል፤ ከተኩስ አቁም ስምምነቱ በኋላ የሄዱም አሉ። ቤት ውስጥ የተቀመጠ የድሮ ፎቶ ጀርባው ላይ «1945» የሚል ጽሑፍ ካለው፣ ሙዚየም ውስጥ መፈለግ ያለበት በ1952 መጨረሻ ወይም በ1953 ስር ነው።

እዚህ ላይ የዘመን አቆጣጠሩን ነገር አጥብቆ መያዝ ይገባል፤ ምክንያቱም የኮሪያ ጦርነት በእኛ አቆጣጠር የተጀመረው ሰኔ 18 ቀን 1942፣ የተኩስ አቁሙ የተፈረመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ሲሆን፣ ሙዚየሙ ውስጥ የሚነበበው ግን ሰኔ 25 ቀን 1950 እና ሐምሌ 27 ቀን 1953 የሚል ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ላለው ጊዜ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ላለው 8 ዓመት መደመር በቂ ነው። ከቤተሰብ የተገኙትን ቀኖች በሁለቱም አቆጣጠር በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጽፎ መያዝ፣ ሰሌዳ ፊት ቆሞ በጣት ከመቁጠር ያድናል።

ከቀኑ ይልቅ የሚያስቸግረው የስሙ አጻጻፍ ነው። ስሞቹ የተቀረጹት በላቲን ፊደል ሲሆን፣ በ1940ዎቹ የክብር ዘበኛ ጸሐፊ አንድን ስም በላቲን ፊደል እንዴት እንደጻፈው ዛሬ በግምት እንጂ በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም። «ጸጋዬ» በቲ ሊጀምር ይችላል፣ በኤስ ሊጀምር ይችላል፣ ሁለቱን ፊደላት አጣምሮም ሊመጣ ይችላል። «ቀለመወርቅ» በኬም በኪውም ይጻፋል። «ገብረ» እና «ወልደ» የሚቀድሟቸው ስሞች አንድ ቃል ሆነው ወይም ለሁለት ተከፍለው ይገኛሉ፤ «ዮሐንስ» በዋይም በጄም ይጀምራል። በዚህ ላይ የፈረንጅ መዝገብ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚወስደው የአባት ስም ቀድሞ ሊጻፍ ስለሚችል፣ ፍለጋው በሁለቱም ስሞች መሆን አለበት። ስለዚህ ከመሄድ በፊት የአንዱን ሰው ስም በአራትና በአምስት ዓይነት አጻጻፍ፣ በትልልቅ የላቲን ፊደላት በወረቀት ላይ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ስልክ ላይ ከመጻፍ ወረቀት የሚሻልበት ምክንያት አለው፤ ወረቀቱን ከስሙ ጎን አስጠግቶ ፊደል በፊደል ማስተያየት ይቻላል፤ የመረጃ ጠረጴዛ ላይ ላለ ሠራተኛም ሳይናገሩ ማሳየት ይቻላል።

ዘማች ዘመድ የሌለው ጎብኚም ቢሆን ይህን ክፍል ባይዘለው መልካም ነው። አንድ የሚያውቀው ሰው አያት ወይም የጎረቤት ሽማግሌ ስም ይዞ የሄደ ሰውና ባዶ እጁን የሄደ ሰው አንድ ዓይነት ጉብኝት አይጎበኙም። በተጨማሪም ብዙ የዘማች ቤተሰብ ሰነድ የለውም፤ ዘማቾቹ ከኮሚኒስት ጦር ጋር የተዋጉ በመሆናቸው በደርግ ዘመን ስለ ኮሪያ ጮክ ብሎ ማውራት የማይመች ነገር ስለነበር፣ ሜዳሊያውም ፎቶውም ከሣጥን ሥር ገብቶ የቀረባቸው ጥቂት አይደሉም። ሽማግሌዎቹን ጠይቆ መጻፍ ሙዚየሙን ከማየት ያላነሰ ሥራ ነው፤ ከሁለቱም አስቸኳዩ ደግሞ እርሱ ነው።

ቀንና ሰዓት መምረጥ

ሙዚየሙ ሰኞ ሰኞ ዝግ ነው። ሰኞ የበዓል ቀን ሆኖ ክፍት ከዋለ ደግሞ በማግስቱ ይዘጋል። እኔ ይህን ሳላጣራ በአንድ ሰኞ ጠዋት ሄጄ፣ ከውጭ ያሉትን ሐውልቶች ብቻ አይቼ ተመልሻለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር። በሌሎቹ ቀናት ከጠዋቱ 3፡30 እስከ ምሽቱ 12፡00 ይሠራል፤ በኮሪያውያን ሰዓት ከ9፡30 እስከ 18፡00 ማለት ነው። የመጨረሻው መግቢያ ከመዘጋቱ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ነው። ቋሚ ዐውደ ርእዮቹ ነፃ ናቸው፤ ለጊዜው የሚዘጋጁ ልዩ ዐውደ ርእዮች ግን ክፍያ ሊኖራቸው ይችላል።

ሰዓት ካነሣን አይቀር፣ አዲስ ለሚሄድ ሰው የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። ሴኡል ከአዲስ አበባ በ6 ሰዓት ትቀድማለች፤ የእኛ የሰዓት አቆጣጠርም ከፈረንጁ የሚለየው በዚያው በ6 ሰዓት ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ በእኛ አቆጣጠር የተሞላ የእጅ ሰዓት ሴኡል ሲደርስ መርፌው መነካት አያስፈልገውም፤ ሙዚየሙ በር ላይ 9፡30 ሲል፣ ከቦሌ ሳይነካ የመጣው ሰዓትም 9፡30 ይላል፤ ልዩነቱ አዲስ አበባ ያለው ዘመድ በዚያች ቅጽበት ከሌሊቱ 9፡30 ላይ ተኝቶ መሆኑ ብቻ ነው። ስሙን አገኘሁት ብሎ ለመደወል የቸኮለ ሰው ይህን ቢያስብ ጥሩ ነው።

ከወቅቶች ሁሉ የሚመቹት ሚያዝያና ጥቅምት አካባቢ ያሉት ሳምንታት ናቸው። የስም ሰሌዳዎቹ የሚገኙት ጣሪያ ባለው ግን ግድግዳው ለአየር ክፍት በሆነ መተላለፊያ ስለሆነ፣ በጥር ወር እዚያ ግማሽ ሰዓት ቆሞ ስም መፈለግ እውነተኛ ብርድ መቅመስ ነው። ዘማቾቹ ስለ ኮሪያ ሲጠየቁ ከጥይቱ አስቀድመው የሚያነሡት ብርዱን መሆኑን ማስታወስ ካስፈለገ ግን ከጥር የተሻለ ወር የለም። የሐምሌ ዝናብና ወበቅም የራሱ ጣጣ አለው። ከሳምንቱ ቀናት ማክሰኞና ረቡዕ ጸጥ ይላሉ፤ ትምህርት ቤት ክፍት በሆነበት ወቅት ግን ጠዋት ጠዋት በአውቶቡስ የሚመጡ ተማሪዎች አዳራሾቹን ይሞሏቸዋል።

መድረስ

በምድር ባቡር ለሚሄድ ሰው ጣቢያው ሳምጋክጂ ይባላል፤ 4ኛውና 6ኛው መስመር የሚገናኙበት ነው። በ6ኛው መስመር የመጣ በ12 ቁጥር፣ በ4ኛው የመጣ በ1 ቁጥር መውጫ ቢወጣ ጥቂት ደቂቃ በእግር ይቀረዋል። የባቡሩንም የአውቶቡሱንም ክፍያ ቲ-መኒ በተባለው ካርድ መክፈል ይቻላል። ለእግር መንገድ ግን ጎግል ማፕ ኮሪያ ውስጥ እንደሌላው አገር አያገለግልም፤ ናቨር ማፕን አስቀድሞ መጫን ያስፈልጋል። በታክሲ ለሚሄድ ሰው የቦታው ስም በኮሪያኛ «ጆንጄንግ ጊንየምግዋን» ነው፤ አነባበቡን ከመታገል በኮሪያ ፊደል የተጻፈውን ስልክ ላይ ማሳየት ይቀላል።

ግቢው ውስጥ በመጀመሪያ የሚታየው

ከዋናው ሕንፃ በፊት ሰፊ አደባባይ አለ፤ ዙሪያውን የዘመቱት አገሮች ሰንደቅ ዓላማዎች ይውለበለባሉ። ተዋጊ ጦር የላኩት 16 አገሮች ሲሆኑ፣ የሕክምና ቡድን የላኩት 6 ናቸው፤ ጀርመን ከስድስቱ መካከል የተቆጠረችው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የት ጋ እንዳለ ከሩቅ ለመለየት አያስቸግርም፤ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ፎቶውን እዚያ ይጀምራል።

በግቢው ውስጥ ካሉት ሐውልቶች ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው «የወንድማማቾች ሐውልት» የሚባለው ነው። በተሰነጠቀ የድንጋይ ጉልላት ላይ ሁለት ወታደሮች ተቃቅፈው ይታያሉ፤ አንደኛው የደቡብ መኮንን የሆነ ታላቅ ወንድም፣ ሁለተኛው የሰሜን ወታደር የሆነ ታናሽ ወንድም ነው፤ ጦር ሜዳ ላይ ተገናኝተው ነው። ቀረብ ብሎ ያየው ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ታላቁ ግዙፍ ነው፤ መሣሪያውን ታጥቋል፤ ጎንበስ ብሎ ያቅፋል። ታናሹ ቀጭን ነው፤ መሣሪያም የለውም፤ ደረቱ ላይ ተለጥፏል። ማን ማንን እንደሚምር፣ ማንስ ወደ ማን እንደመጣ ቀራፂው በቁመት ተናግሮታል። ይህን ልብ ብሎ የገባ ጎብኚ ውስጥ ያለውንም ሁሉ በዚያው ዓይን ያነበዋል፤ ቦታው ስሙ እንደሚለው መታሰቢያ ነው፤ አንድ መንግሥት የራሱን ጦርነት በራሱ በኩል ሆኖ የሚተርክበት ነው። ይህ ነውር አይደለም፤ ሳያውቁት መዋጥ ነው ስሕተቱ።

በአቅራቢያው ሁለት ልጃገረዶች ሰዓት ተሸክመው የቆሙበት ሌላ ሐውልት አለ። የአንዷ ሰዓት የአሁኑን ጊዜ ይቆጥራል፤ የሌላዋ ጦርነቱ በፈነዳበት ሰዓት ላይ ቆሟል።

የስሞቹ መተላለፊያ

ከዋናው ሕንፃ ግራና ቀኝ እንደ ክንፍ የተዘረጉ፣ በዓምድ የተደገፉ ረጃጅም መተላለፊያዎች አሉ። የሞቱት የደቡብ ኮሪያ ወታደሮችና የተባበሩት መንግሥታት ጦር አባላት ስም በጥቁር ድንጋይ ሰሌዳዎች ላይ በመደዳ ተቀርጿል። የውጭዎቹ በየአገራቸው ተለይተዋል፤ የአሜሪካኖቹ ብዛት ከሌላው ስለሚበልጥ በየግዛታቸው ተከፍለው ብዙ ሰሌዳ ይይዛሉ። ኢትዮጵያን የሚፈልግ ሰው በአሜሪካኖቹ ርዝመት ተስፋ ሳይቆርጥ የአገር ስሞቹን ብቻ እያነበበ ማለፍ ይኖርበታል፤ ጊዜ እንዳይባክን ሠራተኛ ዘንድ ቀርቦ «ኤቲዮፒያ» ማለት በቂ ነው፤ ኮሪያኖቹም የሚጠሩት እንዲሁ ነው።

የተወሰነ ሰው ስም የሚፈልግ ጎብኚ ሕንፃው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ይህን ሥራ ቢጨርስ ጥሩ ነው፤ ጠዋት ዓይንም ትዕግሥትም ትኩስ ናቸው። የተወሰነ ስም የሌለው ጎብኚ ግን በተቃራኒው ቢያደርግ ይሻለዋል፤ በቅድሚያ ውስጡን አይቶ፣ ሰዎቹ ምን ዓይነት ቦታ እንደተዋጉ ተረድቶ፣ ሲወጣ ስሞቹ ፊት ቢቆም ስም ብቻ ሆነው አይታዩትም።

ፍለጋው እንዲህ ቢካሄድ ይቀላል። በመጀመሪያ የኢትዮጵያን ሰሌዳ ሙሉውን፣ ስም ሳይፈልጉ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ማንበብ፤ ይህ ዓይንን ከጸሐፊው አጻጻፍ ጋር ያለማምዳል። «ገብረ»ን እንዴት እንደጻፈው፣ «ተ»ን በምን እንደጀመረው ከሌሎቹ ስሞች ይታወቃል፤ ያን ጊዜ በወረቀቱ ላይ ካሉት አምስት አጻጻፎች ሦስቱ ራሳቸው ይወድቃሉ። ቀጥሎ በቀሩት መፈለግ ነው። ስሙ ሲገኝ ፎቶ ከማንሣት በፊት አንድ ነገር ማወቅ ያሻል፤ የተወለወለ ጥቁር ድንጋይ እንደ መስተዋት ስለሆነ ፊት ለፊት ቆሞ ያነሣ ሰው የሚያገኘው የራሱን ፊትና የያዘውን ስልክ ነው። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ፣ ስልኩን አግድም ዘንበል አድርጎ፣ ብልጭታውን አጥፍቶ ማንሣት ያስፈልጋል። አንዱን ፎቶ ስሙ ብቻ ጎልቶ፣ ሁለተኛውን የሰሌዳው ሙሉ ገጽ፣ ሦስተኛውን ዓምዱና አካባቢው አብሮ እንዲታይ አድርጎ ማንሣት ለኋላው ይጠቅማል።

አበባ ማኖር በቦታው የተለመደ ነው። ጧፍና ዕጣን ግን ባይሞከሩ ይሻላል፤ ነፍስ ይማር ለማለት አንድም አያስፈልግም።

ወደ ውስጥ ሲገቡ

ዋናው መግቢያ በደረጃ የሚወጣበትና በቀጥታ ሁለተኛው ፎቅ ላይ የሚያደርስ ነው፤ ይህን ያላወቀ ሰው አንደኛው ፎቅ ላይ ነኝ ብሎ ካርታውን ሲያገላብጥ ይቆያል። አረጋውያንን ይዞ የሄደ ሰው አሳንሰር ያለበትን ጠይቆ ይግባ።

የኮሪያን ጦርነት የሚተርኩት አዳራሾች ሁለተኛውና ሦስተኛው ፎቅ ላይ ናቸው። የጎብኚው ጊዜ ሦስት ሰዓት ከሆነ ሁለቱን ሰዓት ለእነዚህ ቢሰጥ ትክክል ነው። ሁለተኛው ፎቅ ጦርነቱ እንዴት እንደተጀመረ፣ ሴኡል በሦስት ቀን እንዴት እንደወደቀች፣ የደቡቡ ጦር ናክዶንግ ወንዝ ድረስ ተገፍቶ ከቡሳን ዙሪያ ትንሽ መሬት ብቻ ይዞ እንደቀረ፣ ከዚያም በመስከረም 1950 እ.ኤ.አ. በኢንቾን ወደብ ጦር ከባሕር ወደ ምድር በማውረድ ነገሩ እንዴት እንደተገለበጠ፣ ቻይና ስትገባ ደግሞ እንደገና እንዴት እንደተመለሰ በቅደም ተከተል ያሳያል። ሴኡል በዘጠኝ ወር ውስጥ አራት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፋለች።

ቃኘውን እየፈለገ የሚሄድ ሰው ይህን ሁሉ ሲያልፍ ኢትዮጵያን አያገኝም፤ ሊያገኝም አይገባም። የመጀመሪያው ሻለቃ ቡሳን የደረሰው በግንቦት መጀመሪያ 1951 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ሴኡል ለመጨረሻ ጊዜ ከተያዘች በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ጦርነት ከተማ የሚያስይዝና የሚያስለቅቅ ሩጫ አልነበረም፤ በ38ኛው ኬክሮስ አካባቢ አንድን ኮረብታ ሌሊት ይዞ፣ ንጋት ላይ አጥቶ፣ ማታ እንደገና መውጣት ነበር። ስለዚህ ጊዜው ያጠረበት ሰው የኢንቾን ዘመቻ ላይ ፈጠን ብሎ፣ የምሽግና የኮረብታ ውጊያ የሚታይበት ቦታ ሲደርስ ቀስ ማለት አለበት። የሌሊት ቅኝት፣ ቦይ፣ የአሸዋ ከረጢት፣ የብርድ ልብስ፤ የቃኘው ሰዎች የኖሩት እዚያ ውስጥ ነው። የተመደቡት በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ስለነበር፣ ሰሌዳ ላይ «7ኛ ክፍለ ጦር» የሚል ሲገጥም ኢትዮጵያ ባትጠቀስም ቆም ብሎ ማንበብ ዋጋ አለው። በ1953 ጸደይ ፖርክ ቾፕ በተባለው ኮረብታ አካባቢ የተደረገው ውጊያም ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ነው። ዘማቾቹ ከሁሉ በላይ በኩራት የሚያነሡት ግን የኮረብታ ስም ሳይሆን ከመካከላቸው አንድም ሰው እጁን ለምርኮ አለመስጠቱን ነው።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ የተባበሩት መንግሥታት ጦር የቀረበበት አዳራሽ አለ። እያንዳንዱ አገር ጥቂት ቦታ ይዟል፤ የኢትዮጵያም ድርሻ በዚያው ልክ ነው። ግማሽ ቀን እንደሚያስይዝ አስቦ የሄደ ሰው ቅር ይለው ይሆናል። ለዚህም ነው ይህን ሙዚየም ለብቻው ከማየት ከታች ከምገልጸው ከቹንቾን ጋር አያይዞ ማቀድን የምመክረው።

ጊዜ ከተረፈ አንደኛው ፎቅ ላይ ያለውን የጥንት ጦርነት ታሪክ ማየት ነው። እዚያ የአድሚራል ዪ ሱን-ሺን «የኤሊ መርከብ» ተቀንሶ የተሠራ ቅጂ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1592 የጃፓን ወረራ ሲጀመር የተዋጋ መርከብ ነው፤ እኛ ዘንድ አፄ ሠርጸ ድንግል የነገሡበት ዘመን መሆኑ ነው። ሌላው ሁሉ ሊቀር ይችላል።

ከሕንፃው ውጭ የተደረደሩት አውሮፕላኖችና ታንኮች ለመጨረሻ ቢቀመጡ መልካም ነው፤ ልጆች ያሉት ሰው ግን ይህን ምክር መከተል አይችልም፤ ልጆቹ ቢ-52ን ያዩት ገና ከበሩ ነው። ቲ-34 የተባለውን የሶቪየት ታንክ ማየት ይጠቅማል፤ የሰሜኑ ጦር በመጀመሪያዎቹ ቀናት የገሰገሰው በእርሱ ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. በባሕር ላይ ከሰሜን ኮሪያ ጋር በተደረገ ግጭት የተመታችው የቻምሱሪ 357 ጀልባ ቅጂም እዚያው ቆማለች፤ ጦርነቱ በተኩስ አቁም እንጂ በሰላም ውል እንዳልተቋጨ ከማንኛውም ጽሑፍ በተሻለ የምታሳይ እርሷ ናት።

ምግብን በተመለከተ

በጾም ወቅት የሚሄድ ሰው ቁርሱን ወይም ምሳውን አስቦ ቢሄድ ይሻላል። ቢቢምባፕ የሚባለውን የሩዝና የአትክልት ምግብ ሥጋና እንቁላል ሳይገባበት ማዘዝ ይቻላል፤ ኪምቺ ግን ጎመን ብቻ መስሎ ይታይ እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የዓሣ ወይም የሽሪምፕ መረቅ ይገባበታል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እዚህ የሚፈታ አይደለም። በ6ኛው መስመር ሁለት ጣቢያ አልፎ ያለው ኢቴዎን ብዙ የውጭ አገር ምግብ ቤት ያለበት ሰፈር ነው።

ሁለተኛው ቀን፤ ቹንቾን

ከሙዚየሙ ብዙ ከማይርቀው ከዮንግሳን ባቡር ጣቢያ አይቲኤክስ-ቾንግቹን የተባለው ባቡር ወደ ቹንቾን ከተማ ይሄዳል፤ ጉዞው ከአንድ ሰዓት ከሩብ ብዙ አይበልጥም። ቅዳሜና እሑድ መቀመጫ ስለሚያልቅ ትኬቱን ቀደም ብሎ መቁረጥ ያስፈልጋል። ከጣቢያው እስከ ጎንግጂቾን ወንዝ ዳር ታክሲ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፤ የመንገዱ ስም ራሱ «ኢዲዮፒያ-ጊል»፣ የኢትዮጵያ መንገድ ማለት ነው።

እዚያ ሦስት ነገር በአንድ ላይ ይገኛል። አንዱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በግንቦት 1960 ዓ.ም. ኮሪያን በጎበኙ ጊዜ የተመረቀው የኢትዮጵያ ዘማቾች ሐውልት ነው። ሁለተኛው ጣሪያው የእኛን ጎጆ እንዲመስል ተደርጎ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተው የመታሰቢያ አዳራሽ ነው፤ ሴኡል ላይ ጥቂት ቦታ የያዘው የቃኘው ታሪክ እዚህ ሙሉ ቤት አግኝቷል። እርሱም ሰኞ ስለሚዘጋ ሁለቱ ቀናት ከማክሰኞ እስከ እሑድ ባሉት ውስጥ እንዲወድቁ አድርጎ ማቀድ ያስፈልጋል። ሦስተኛው ከዚያው ከንጉሠ ነገሥቱ ጉብኝት ዓመት ጀምሮ ያለ የቡና ቤት ነው። የመጀመሪያ ስሙ በኮሪያ ፊደል «ኢዲዮፒያ ቤት» ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ «ቤት» የምትለዋ ቃል የኮሪያኛ ሳትሆን የራሳችን ናት፤ ስሙን ያወጡት ጃንሆይ እንደሆኑ ይነገራል። ቡናው በጀበና አይቀርብም፤ ወንዙን እያዩ መጠጣቱ ግን ይካካሳል።

ቡሳን ወደሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የመታሰቢያ መቃብር መሄድ የሚያስቡም አሉ። ከሴኡል በፈጣን ባቡር ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ስለሚወስድ፣ አስቀድሞ ማወቅ ያለባቸው የኢትዮጵያውያን መቃብር እዚያ አለመኖሩን ነው፤ አስከሬናቸው ወደ አገራቸው ተመልሷል። ስማቸው ግን እ.ኤ.አ. በ2006 በተሠራው የመታሰቢያ ግድግዳ ላይ ከ40,896 ሟቾች ስም ጋር ተጽፏል። ሴኡል ላይ አጻጻፉ ያጠራጠረውን ስም ከዚያኛው ጋር ማመሳከር የሚፈልግ ሰው መንገዱ አይቆጨውም።

ከተመለሱ በኋላ

ፎቶዎቹ በስልክ ውስጥ ከሌሎች ሺህ ፎቶዎች ጋር ሳይደባለቁ በዚያው ሳምንት ለይቶ ማስቀመጥ ይገባል። አዲስ አበባ አፍንጮ በር ያለውን የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ያላየ ሰው፣ የተሰዉትን ስሞች እዚያ ካለው ጋር ለማስተያየት አንድ ጠዋት ቢመድብ ጉብኝቱ ይሟላለታል። ፎቶውን ለዘማቹ ቤተሰብ ሲልክ ደግሞ ስሙ በላቲን የተጻፈበትን ትክክለኛ ፊደል፣ ሰሌዳው በየትኛው ክንፍ፣ ከመግቢያው ስንተኛው ዓምድ ላይ፣ ከላይ ስንተኛው መስመር ላይ እንደሆነ በአማርኛ ጽፎ አብሮ ይላክ፤ ቀጥሎ የሚሄደው ዘመድ ከበሩ ጀምሮ አይፈልግም።